የኮሪያንኛው "አለ" እና "የለም"፦ እንግሊዝኛውን ተዉትና በአማርኛ ያዙት

ኮሪያንኛ ምትጀምሩ ልጆች አንድ ነገር ስሙኝማ፣ "አለ" እና "አለኝ" ጋ ስትደርሱ እንግሊዝኛውን እርሱት። እኔ በእንግሊዝኛ ነበር የተማርኩት፣ አስተማሪው "አይ ሃቭ" ምናምን እያለ ሲያስረዳን ሁለት ሳምንት ሙሉ ዞሮብኝ ከርሞ አንድ ቀን ፒያሳ ሱቅ በር ላይ ቆሜ "ወተት አለ?" ስል ባለሱቁ ቀና እንኳን ሳይል "የለም" ሲለኝ ነው የበራልኝ። ኮሪያኖቹም እኮ ልክ እንደዚህ ነው ሚሉት። "ኡዩ ኢሶዮ?" "ኦፕሶዮ።" አለቀ።

አነባበቡን ቶሎ ልበላችሁ፣ "ኢሶዮ" ላይ ያለው "ሶ" ጠበቅ ይላል፣ "ረሳ" ስንል እንደምናጠብቀው፣ ድምፁ ደግሞ በ"ሰ" እና በ"ሶ" መሀል ነው። በግዕዝ ፊደል ምጽፍላችሁ ለጊዜው ነው፣ የራሳቸውን ፊደል ሀንግልን ተማሩ፣ ከባድ አይደለም።

አራት ቃል ያዙ። "ነው" ማለት "ኢዬዮ"፣ ቃሉ በአናባቢ ካለቀ "ዬዮ"። "አይደለም" "አኒዬዮ"። "አለ" "ኢሶዮ"። "የለም" "ኦፕሶዮ"። እኛ "አለ"ን ስናፈርስ "አላለም" አንልም አይደል፣ እሱማ "አልተናገረም" ሆነ፣ "የለም" ሚል ራሱን የቻለ ቃል አለን፣ እነሱም እንደዛው ናቸው። ስለዚህ ለሌላ ግስ ማፍረሻ ምትጠቀሙበትን "አን" እዚህ ጋ አምጥታችሁ "አን ኢሶዮ" እንዳትሉ።

"አለኝ" ለማለትም ያው "ኢሶዮ" ነው። "ሺጋኒ ኢሶዮ"፣ ጊዜ አለኝ። የኛው አለኝ፣ አለሽ፣ አላት፣ አሉኝ እያለ ጭራው ይቀያየራል፣ የነሱ ንቅንቅ አይልም፣ ባለቤቱ ካልታወቀ ፊት ላይ ትጠሩታላችሁ፦ "ጆንን ኦንኒጋ ኢሶዮ"፣ እኔ ታላቅ እህት አለችኝ (ይሄ ሴት ስትናገር ነው፣ ወንድ ከሆናችሁ "ኑና" በሉ)። "ጆንን" ላይ ያለችው መሀለኛ ድምፅ የኛ ሳድስ ናት በቃ፣ ፈረንጆቹ ሲቸገሩባት እኛ በነፃ አገኘናት። ያለው ነገር ላይ በተነባቢ ካለቀ "ኢ"፣ በአናባቢ ካለቀ "ጋ" ይለጠፋል፣ በወሬ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይጥሉታል። "እል" እና "ርል" ሚባሉትን፣ ማለትም የኛን "ን" አይነቶቹን እዚህ አታስገቡ፣ "መኪናን አለኝ" ትላላችሁ እንዴ?

ቦታ ሲሆን "ኤ" ቦታው ላይ ይለጠፋል። "ቼክሳንግ ዊኤ ሄንድፖኒ ኢሶዮ"፣ ጠረጴዛ ላይ ስልክ አለ። ቃል በቃል ቁጠሩት፣ ቅደም ተከተሉ ራሱ አንድ ነው፣ "ላይ" እንኳን ከጠረጴዛው በኋላ ነው የመጣው። ሌላ ልጨምርላችሁ፦ "ቹንቾኔ ኢዲዮፒያጂቢ ኢሶዮ"፣ ቹንቾን ኢትዮጵያ ቤት አለ። ይሄ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ፣ አፍንጮ በር መታሰቢያ የተሰራላቸው የኮሪያ ዘማቾቻችን የዘመቱበት አገር ውስጥ፣ ቹንቾን ሚባል ከተማ፣ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ቡና ቤት ነው፣ "ጂፕ" ማለት ቤት ነው።

አሁን አማርኛችን ሚያሳስተን ቦታ መጣ፣ እዚህ ጋ ረጋ በሉ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ስልክ ተደወለ፣ "የት ነህ?" "ፒያሳ ነኝ።" እኛ ቦታን በ"ነው" ነው ምንናገረው። ኮሪያንኛው ግን "ኦዲ ኢሶዮ?" "ፒያሳኤ ኢሶዮ" ነው፣ በ"አለ"። ኮሪያኖች ራሳቸው በወሬ "ጂቢዬዮ"፣ ቤት ነኝ፣ ሲሉ መስማታችሁ አይቀርም፣ እናንተ ግን እስክትለምዱ የት የት ሚል ነገር ካለበት በ"ኢሶዮ" ሂዱ።

ሁለተኛዋ ወጥመድ "ነበር" ናት፣ ይቺ የባሰች ናት ምክንያቱም እኛ "ነው"ንም "አለ"ንም ስናሳልፍ "ነበር" ላይ እንጨፈልቃቸዋለን። "ተማሪ ነበርኩ" "ሃክሴንግ ኢኦሶዮ" ነው። "ፒያሳ ነበርኩ" "ፒያሳኤ ኢሶሶዮ"። "ገንዘብ ነበረኝ" "ቶኒ ኢሶሶዮ"፣ ካልነበረ "ኦፕሶሶዮ"። እኔ አንዴ "ትናንት ቤት ነበርኩ" ልል ብዬ "ትናንት ቤት ሆኜ ነበር"፣ ማለቴ ራሴ ግድግዳና ጣሪያ የሆንኩ አይነት ነገር ተናግሬ ክላሱ ሁሉ ሳቀብኝ።

ለትልቅ ሰው ደግሞ "አለ" ሳይሆን "አሉ" እንደምንለው "ጌሴዮ" ይባላል። "ሃልሞኒ ጌሴዮ?"፣ አያቴ አሉ? ከሌሉ "አን ጌሴዮ"፣ እዚህ ጋ "አን" ይገባል። "ጊዜ አለዎት?" ሲሆን ግን "ሺጋን ኢስሴዮ?" ነው፣ ጊዜውን አይደለማ ምናከብረው።

ድራማ ምታዩ ሰዎች "ማሺሶዮ" ታውቃላችሁ፣ ይጣፍጣል። ውስጡ ያለው "ማት"፣ ጣዕም፣ ሲደመር "ኢሶዮ" ነው፣ ጣዕም አለው እንደማለት። ካልጣፈጠ "ማዶፕሶዮ"። "ቼሚ ኢሶዮ" ደግሞ ያዝናናል፣ እኛ "ጨዋታ አለው" እንደምንለው።

ሁሉን "የለም" ግን "ኦፕሶዮ" አታድርጉት። መብራት ሲጠፋ "ቾንጊጋ ናጋሶዮ" ነው ሚሉት፣ መብራት ወጣ፣ የኛው "መብራት ሄደ" ማለት ነው። ደግሞ የሰው በር ስታንኳኩ እኛ "ቤቶች!" እንላለን አይደል፣ እነሱ ደጅ ቆመው ሚጣሩት በዚሁ ቃል ነው፦ "ጌሴዮ?"