ዘፈናቸውን ያጡት የሃዋይ ፌንጣዎች፦ ስለነሱ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሃዋይ ደሴቶች ማታ ማታ ሲር ሲር የሚል ጥቁር የሜዳ ፌንጣ አለ። የሚዘፍነው ወንዱ ብቻ ነው፤ ሴቷ ድምፁን ተከትላ ትመጣለች። ድምፁ የሚወጣው ከእግሩ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ክንፎቹን ሲያፋትግ ከክንፉ ነው። እግሩ ላይ ያለውስ? ጆሮው!

"ድምፅ ከሌለ ፌንጣ የለም" ማለት። በካዋይ ደሴት በ2003 ሲዘፍን የሚሰማ ፌንጣ እምብዛም አልነበረም። ማርሊን ዙክ የተባለችው ተመራማሪና ባልደረቦቿ ግን በመብራት ሲፈልጉ ሣሩ ውስጥ ፌንጣ ሞልቷል። ከ10 ወንዶች 9ኙ ገደማ ክንፋቸው ለስላሳና ጠፍጣፋ ሆኗል። ቢያፋትጉትም ዝም ነው። ግኝቱ በ2006 ታተመ።

"ፈርተው ዝም አሉ" ማለት። ይሄኛው በጣም የተለመደ ነው። ከሰሜን አሜሪካ የመጣች አንዲት ጥገኛ ዝንብ አለች። የወንዱን ዘፈን ሰምታ ትመጣና እጮቿን እላዩ ላይ ትጥላለች። እጮቹ ሰውነቱን ሰርስረው ይገባሉ፤ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ገድለውት ይወጣሉ። እንግዲህ ሚስት የሚጠራበት ዘፈን ገዳዩንም ይጠራል ማለት ነው። ፌንጣው ግን ይህን አስቦ አልወሰነም። በአጋጣሚ በዘር ለውጥ ክንፋቸው ጠፍጣፋ የሆነባቸው ተረፉ፤ ልጆቻቸውም ወረሱት። ከ20 ትውልድ ባነሰ ጊዜ ዝምታው ደሴቱን አጥለቀለቀው።

"ዝምተኛው ወንደላጤ ሆኖ ይቀራል" ማለት። ቢቀር ኖሮ ዝምታው ባልተላለፈ ነበር። ዝምተኞቹ የቀሩት ጥቂት ዘፋኞች አጠገብ ያደባሉ፤ ዘፈኑን ሰምታ የመጣችውን ሴት መንገድ ላይ ያገኟታል። ተመራማሪዎቹ የተቀዳ ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሲያሰሙም ተሰብስበው መጡ። ለእኔ ይህ ዓይን ያወጣ ሌብነት ነው፤ ግን ሠርቶላቸዋል። ደግሞም የደሴቶቹ ሴት ፌንጣዎች ያን ያህል መራጭ አይደሉም፤ አጠገባቸው ሆኖ የማይዘፍነውንም ይቀበላሉ። ዘፋኝ ጨርሶ ቢጠፋ ግን ሌባውም ይቸገራል።

"የኦዋሁዎቹ ከካዋይ የመጡ ናቸው" ማለት። ኦዋሁ በተባለችው ሌላ የሃዋይ ደሴትም ዝምተኛ ፌንጣዎች አሉ። በ2014 የወጣ ጥናት በሁለቱ ደሴቶች ዝምታው ለየብቻ፣ በተለያየ የዘር ለውጥ እንደመጣ አሳይቷል።

"ዘፈኑ ለዘላለም ቀረ" ብሎ መደምደም። በ2018 ሞሎካይ በተባለች ሌላ የሃዋይ ደሴት ላይ ዝግ ባለ ድምፅ፣ እንደ ድመት የሚያንኮራፉ የሚመስሉ ወንዶች መኖራቸው ተዘገበ። ድምፁ ሩቅ አይሄድም፤ አጠገብ ያለች ሴት ግን ትሰማዋለች። ዝንቧን ግን ብዙም አይስባትም።