ጥፋቱ ፓምፑ ላይ አልነበረም

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1972 ሞዴል ኤምጂ ቢ የምትባል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ናት። የኋላ ማርሽ ሳስገባ ድንጋይ እንደገባበት ወፍጮ ትጮህ ነበር። የፊት ማርሾቹ ሲንክሮናይዘር (ማርሾቹ ከመጋጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት) ስላላቸው ጥፋቱን ይሸፍኑታል፤ የኋላው ስለሌለው ወዲያው ያጋልጣል። ፔዳሉን ብረግጥም ፍሪሲዮኑ ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው።

የፍሪሲዮኑ ፔዳል የላይኛውን ፓምፕ ይገፋል፣ ከሱ የሚወጣው ዘይት የታችኛውን ይገፋል፣ የታችኛው ደግሞ ፍሪሲዮኑን ያስለቅቃል። እንደ ማንኛውም ሰው ዘይቱ ውስጥ አየር ገብቶ ነው አልኩ። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ አየር ሳስወጣ ዋልኩ፤ ባለቤቴ ፔዳል ላይ፣ እኔ መኪናው ስር ተጋድሜ «ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ» እያልኩ። የታችኛውን ፓምፕ ቀየርኩ፣ የላይኛውን ጎሚኒ ቀየርኩ፣ ገንዘቤም አለቀ። ያው ነው።

በመጨረሻ ማስመሪያ ይዤ ገባሁ (መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ማለት ነው)። ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ የታችኛው ፓምፕ ዘንግ የሚገፋው 8 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ላይ ወጥቼ ፔዳሉን በእጄ ጫን ስለው ደግሞ ፔዳሉ ትንሽ ይወርዳል እንጂ የላይኛው ፓምፕ ዘንግ ንቅንቅ አይልም። የፔዳሉን ሳጥን ክዳን ከፈትኩ። ፔዳሉን ከዘንጉ ጋር የምታያይዘው ፒን ተበልታ ወገቧ ቀጥኗል፤ የፔዳሉ ቀዳዳም እንቁላል መስሏል። የእግሬ ጉልበት ለካ እዚያ ክፍተት ውስጥ ነበር የሚቀረው!

ቀዳዳውን በብየዳ አስሞልቼ በልኩ አስበሳሁት፣ አዲስ ፒን ገባ። ዋጋው ከፓምፑ አንጻር የማስቲካ ነው። አሁን ዘንጉ 12 ሚሊ ሜትር ይገፋል፣ የኋላ ማርሽም ጸጥ ብሎ ይገባል።

ፓምፑን የምትፈቱ ከሆነ ግን ከስሩ ጨርቅ አንጥፉ፤ ውስጡ ያለው የፍሬን ዘይት ቀለም ይልጣል። የኔ ተልጧል።