ልጅ ይዞ ድንበር ለመሻገር ምን ምን ወረቀት ያስፈልጋል?

የልጁ ፓስፖርት አለ፣ ቪዛው ተገኝቷል፣ ትኬቱም ተቆርጧል። ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ ኢሚግሬሽን መስኮት ላይ ስትደርሱ ግን የሚጠብቃችሁ ጥያቄ ሌላ ነው፦ «ልጁ ምንሽ ነው? አባቱስ መሄዱን ያውቃል?»

ይህ ጥያቄ እኛ ላይ የሚበረታው በስማችን ምክንያት ነው። እናት ሰናይት ተስፋዬ ወልዴ፣ ልጅ ናሆም ዳዊት በቀለ ቢባሉ ለእኛ ምንም አይገርመንም። የቤተሰብ ስም ለለመደ ኦፊሰር ግን ሁለቱ ፓስፖርቶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚገናኙበት አንድ ቃል እንኳ የለም። ዝምድናውን በወረቀት ማሳየት እንግዲህ የእናንተ ሥራ ነው።

የሚያሳየው የልደት ሰርተፍኬት ነው፤ የሁለቱም ወላጆች ሙሉ ስም ያለበት መሆን አለበት። እንግሊዝ አገር የሚሰጠው አጭሩ ሰርተፍኬት የወላጆችን ስም አይዝም፣ ረጅሙን አውጡ። ልጁ ኢትዮጵያ ከተወለደ ሰርተፍኬቱን በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አረጋግጡ፣ አስተርጉሙም። ከዚያ ፓስፖርቱን አጠገቡ አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ። አንዱ ላይ ገብረመድህን ተገጥሞ፣ ሌላው ላይ ለሁለት ተከፍሎ ከተጻፈ ለኦፊሰሩ ሁለት ሰው ነው። የልደት ቀኑ ከእኛ አቆጣጠር ሲዞር ተሳስቶ እንደሆነም እዩ።

ሁለተኛው ወረቀት አብሮ የማይጓዘው ወላጅ የሚሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ ነው። ጣጣው የመጣው አንዱ ወላጅ ልጅ ይዞ ሌላ አገር በመቅረቱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የወጣው የሄግ ስምምነትም ከ16 ዓመት በታች የሆኑና ያለ ፈቃድ የተወሰዱ ልጆች ወደሚኖሩበት አገር እንዲመለሱ ያዛል። ደብዳቤው ላይ የልጁ ስም፣ የልደት ቀንና የፓስፖርት ቁጥር፣ የሚወስደው ሰው ስምና ፓስፖርት ቁጥር፣ የመሄጃና የመመለሻ ቀን፣ የሚያርፉበት አድራሻ ይጻፍ። ኖታሪ (ሰነድ አረጋጋጭ) ፊት ይፈረም፤ የፈራሚው መታወቂያ ኮፒም ይያያዝ። ስልክ ቁጥሩን አትርሱ፤ ኦፊሰሩ ሊደውል ይችላል። እናንተ ያላችሁበት ቀን ሲሆን እሱ ያለበት ሌሊት ሊሆን ይችላልና አባትየው ስልኩን ከፍቶ እንዲተኛ ንገሩት።

«ጠቅላላ ውክልና አለኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ስለ ልጁና ስለ ጉዞው አንድ ቃል የማይል የቆየ ውክልና ላይ እኔ አልተማመንም።

አሜሪካና ካናዳ ደብዳቤውን ያዙ ብለው አጥብቀው ይመክራሉ። አሜሪካ ውስጥ ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፓስፖርት ለማውጣትም ሁለቱም ወላጆች መቅረብ፣ ካልሆነም የቀረው ወላጅ በኖታሪ የተረጋገጠ ስምምነት መስጠት አለበት። ፈረንሳይ ውስጥ የሚኖር ልጅ ያለ ወላጅ ከአገር ሲወጣ ወላጁ የፈረመው የመውጫ ፈቃድ ቅጽ ከጥር 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግዴታ ነው። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ልጁ ከእሱ ጋር እንዲኖር የወሰነለት ወላጅ እስከ 28 ቀን ድረስ ያለ ሌላው ፈቃድ ልጁን ይዞ መውጣት ይችላል፤ ውሳኔውን ግን ይያዝ።

ሌላው ወላጅ ከሞተ የሞት ሰርተፍኬት፣ ፍቺ ካለ የፍርድ ቤት የአሳዳጊነት ውሳኔ ይቀርባል። አክስት ወይም አያት ይዘው የሚሄዱ ከሆነ የሁለቱም ወላጆች ፊርማ ያስፈልጋል። አባቱ የት እንዳለ የማይታወቅ ከሆነ መንገዱ ፍርድ ቤት ነው። በሌላ ሰው እጅ አስፈርሞ መሄድ ሲነቃበት ከጉዞ መቅረት ብቻ አይደለም፤ ወንጀል ነው።

የመመለሻውንም አስቡ። ልጁ መኖሪያ ፈቃድ ካለው ጊዜው አለማለፉን እዩ። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ልጅ ኢትዮጵያ ለመግባት ቪዛ ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያስፈልገዋል፤ የወላጁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት አይሸፍነውም። በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትጓዙ ደግሞ ጥላችሁት ወደመጣችሁት አገር መመለስ ከለላችሁን ሊያሳጣችሁ ስለሚችል መጀመሪያ ጠበቃ አማክሩ።

ወረቀቱን በእጅ ቦርሳ ያዙ። እኔ አንዴ ሰርተፍኬቱን በጥንቃቄ አጣጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሻንጣውን አስረከብኩት። ኦፊሰሩ ሲጠይቀኝ ሻንጣዬ ከመስኮቱ ወዲያ ማዶ፣ ገና ያላለፍኩት በር ጀርባ ይሽከረከር ነበር። ልጄን ይዤ ጎን ያለች ክፍል ውስጥ ቁጭ አልኩ፤ ባለቤቴ ስልክ እስኪያነሳ ድረስ።

ልጁን ራሱንም ይጠይቁታል፦ «ይህቺ ማን ናት?» ብለው። አያቱን «እማዬ»፣ እናቱን በስሟ እየጠራ ያደገ ልጅ ካላችሁ ምን ብሎ እንደሚመልስ ቤት ሳላችሁ ጠይቁት።