ልጁ ሂሳብ ገብቶታል ወይስ ሸምድዶታል? በ10 ደቂቃ ቼክ ማድረጊያ

ሪፖርት ካርዱ ላይ 90 ምናምን አምጥቶ ሱቅ ሲላክ ግን መልሱ ስንት እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ሁለተኛና ሶስተኛ ክፍል ሳስተምር በየአመቱ ያጋጥመኛል። የወረቀት ፈተና መልሱን እንጂ ልጁ እንዴት እንዳሰበ አያሳያችሁም፣ ስለዚህ ለብቻው ቁጭ አድርጎ ማናገር ነው ያለው።

20 ቆርኪ (ጠጠርም ይሆናል)፣ ወረቀትና እርሳስ ያዙ። ፈተና ነው አትበሉት፣ ደሞ እባካችሁ ታላቅ እህቱ አጠገቡ ቆማ በሹክሹክታ መልስ እንዳታቀብለው።

መጀመሪያ ቆጠራ። ከ1 ጀምሮማ ሁሉም እንደ ዘፈን ያወርደዋል፣ እናንተ ከ37 ጀምር በሉትና 39 ላይ ሲደርስ አርባ ይላል ወይስ ይቆማል እሱን እዩ፣ ከ20 ወደ ኋላም አስቆጥሩት። ከዛ 13 ቆርኪ ዘርግፋችሁ አስቆጥሩትና ሲጨርስ "እሺ፣ ስንት ናቸው?" በሉት። እንደገና ከአንድ ከጀመረ መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የሁሉም ብዛት እንደሆነ ገና አልገባውም፣ እንደዚህ አይነት ልጅ ላይ መደመር መጫን ድካም ነው።

ቁጥር ማንበብ ላይ 8፣ 15፣ 34፣ 70፣ 80 ጽፋችሁ አሳዩት፣ ሰባና ሰማንያን የሚያምታታ ብዙ ነው። ቀጥሎ "መቶ ስድስት ጻፍ" በሉት፤ 1006 ከጻፈ እንደሰማው ነው የጻፈው፣ መቶውን ጽፎ ስድስቱን ከጎኑ ለጥፎታል፣ የቁጥር ቤት አልገባውም ማለት ነው። በእንግሊዝኛ የሚማር ከሆነ በአማርኛም ጠይቁት፣ ፊፍቲንና ፊፍቲ ተምታቶበት እንጂ አስራ አምስትና ሃምሳማ ላይሳሳት ይችላል። 67 እና 76 አሳይታችሁ የቱ ይበልጣል በሉት፣ "ለምን?" የምትለዋን ግን እንዳትረሱ።

ኢግማ (EGMA) የሚባለው የትንንሽ ክፍል ልጆች የሂሳብ መለኪያ ቀላሉን መደመርና መቀነስ በ60 ሰከንድ ስንት እንደሚሰራ ይይዛል። ቤት ውስጥ ሰአት መያዙ ልጁን ከማስደንገጥ ውጪ ብዙ አይጠቅምም ባይ ነኝ፣ ይልቅ ጣቱን እዩ፣ 8+6 ሲባል ከአንድ ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፣ ከ8 ነው የሚቀጥለው ወይስ በቃሉ ነው? ለእያንዳንዱ የተለየ ምልክት ደብተራችሁ ላይ አድርጉ።

መቀነስ ላይ ህንድ ውስጥ በፈረንጆቹ ከ2005 ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ ልጆችን የሚጠይቁበት አሰር (ASER) የሚባለው ዘዴ ደስ ይለኛል፣ ባለሁለት አሃዝ መበደር ያለበት መቀነስ ይሰጡታል፣ ከቻለ ወደ ማካፈል ይወጣሉ፣ ካልቻለ ከ11 እስከ 99 ያሉትን ወደማንበብ ይወርዳሉ፣ እሱም ካቃተው ከ1 እስከ 9። ቶሎ ያልቃል፣ ልጁም አይሰለችም።

አንዴ አንዷ የሶስተኛ ክፍል ተማሪዬ 52−38ን 26 ብላ ጻፈች። ኤክስ አላደረግኩባትም፣ "እንዴት አወቅሽው?" አልኳት። "ከ5 ላይ 3 ሲነሳ 2፣ ከ8 ላይ 2 ሲነሳ 6።" እሺ ብዬ ወረቀቱን ገልብጬ "52 ብር ይዘሽ የ38 ብር ዳቦ ብትገዢ ስንት ይመለስልሻል?" ስላት ጣሪያውን እያየች "እስከ 40 ሁለት፣ እስከ 50 አስር፣ ከዛ ሁለት... 14 ብር!" አለች። "ታዲያ ይሄ 26ቱስ?" ስላት "እሱማ የደብተር ነው ቲቸር" አትለኝም!

ለእንደዚህ አይነቷ ልጅ መቶ የመቀነስ ጥያቄ መደርደር ምንም አይሰራም። እንጨት አስር አስር አድርጋችሁ በላስቲክ እሰሩና 52ን ሰርታ አንዷን እስር ራሷ ፈትታ 38 እንድታነሳ አድርጉ፣ መበደር የሚባለው ያኔ በእጇ ይገባታል።

ከወር ምናምን በኋላ ድገሙት፣ ቁጥሮቹን ግን ቀይሩ፣ 52 እና 38ን በእረፍት ሰአት ተነጋግረውበታል።