«ያችን ነጭ ቅባት ስጠኝ»

ደሴ ውስጥ ፋርማሲ ቆሜ ስውል እንደዚህች አባባል የሚያናድደኝ የለም። «ያችን ነጭ ቅባት ስጠኝ፤ ለጎረቤቴ ሠርታላታለች።»

ያች ቅባት ብዙ ጊዜ ቤታሜታዞን ናት። ስቴሮይድ ናት። ማሳከኩን ታስታግሳለች፣ መቅላቱን ታደበዝዛለች። ሰውየው ዳንኩ ብሎ ይሄዳል። ጭርት ከሆነ ግን ፈንገሱ ከሥር ይስፋፋል። እከክ ከሆነም መልኩን ትቀይረውና ሐኪሙን ጭምር ታሳስታለች። ከሽፍታው ጀርባ ኤችአይቪ ሊኖር እንደሚችል ደግሞ ማንም አያስብም።

እኔም ጀማሪ ሳለሁ ሸጫለሁ። ከኮምቦልቻ የሚመላለስ ሾፌር ነበር። «ዶክተር» ይለኛል፤ ፋርማሲስት ነኝ ብለው አይሰማም። ክንዱና እግሩ ላይ ፍንጥር ፍንጥር ያለ፣ እንቅልፍ የሚነሳ ሽፍታ። «የኮምቦልቻ ትንኝ ነው» አለኝ። ከደሴ ይሞቃል፣ ትንኝም አይጠፋም፤ አመንኩት። ሦስት ጊዜ ቅባት ሸጥኩለት። በአራተኛው ከስቶ መጣ። ደም እንዲመረመር የነገርኩት ያኔ ነው። ኤችአይቪ ነበረበት። ትንኙም ቢሆን ውሸት አልነበረም። የመከላከል አቅም ሲዳከም ሰውነት ለነፍሳት ንክሻ ከልክ በላይ ይቆጣል ተብሎ ይታሰባል። ሽፍታውን ያጠፋለት የኤችአይቪ መድኃኒቱ፣ ኤአርቲው ነው፤ ያውም ወራት ፈጅቶ።

አልማዝ ባለጭራን ምች ነው ብሎ በዳማከሴ እያሹ መሰንበት ሌላው ስህተት ነው። በልጅነት የያዘን የጉድፍ ቫይረስ ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ ሲነሳ ነው የሚመጣው። በአንድ ጎን ብቻ፣ ነርቩን ተከትሎ ይወጣል። አሲክሎቪር በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚረዳው። ግንባር ወይም አፍንጫ ላይ ከወጣ ዓይን ስለሚነካ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ኤችአይቪ የሌለበትንም ይይዛል፣ በተለይ ሽማግሌዎችን። ወጣት ላይ ከወጣ ግን ኤችአይቪ ሳትመረመሩ አትለፉ።

ኤችአይቪ ተገኝቶ መድኃኒት ከጀመሩ በኋላ ሽፍታ ወጣ ብሎ በራስ ማቆምም አለ። ሌላ ኢንፌክሽን እንዳይዝ የሚሰጠው ኮትሪሞክሳዞልም ኤአርቲም ሽፍታ ሊያወጡ ይችላሉ። ቀላል ከሆነ አብሽሩ፣ የሚከታተላችሁን ባለሙያ ጠይቁ። አፍ ከቆሰለ፣ ዓይን ከቀላ፣ ቆዳ ውሃ ከቋጠረ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በቀጥታ ሆስፒታል።

አፍ ውስጥ የሚጋገር ነጭ ነገርም ፈንገስ ሊሆን ይችላል፤ በሎሚ አይፋቅም።

«ኤችአይቪ እንዳለበት ፊቱን አይቼ አወቅኩበት» የምትሉም አላችሁ። አታውቁም። እኔ በየቀኑ ቆዳ እያየሁ አላውቅም፤ የሚያውቀው ምርመራው ነው።

ወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ የማያሳክክ፣ የማያም ነጠብጣብ ወይም እብጠት ሲወጣ ደግሞ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ስለማያም ማንም ቅባት እንኳ ሊገዛለት አይመጣም።