ከወሎ ወደ ታንዛኒያ በበጎ ፈቃድ ለሚሄዱ፦ ከወረቀቱ እስከ ወባው

ታንዛኒያ ውስጥ ደመወዝ ሳይቀበሉ መሥራትም ሥራ ነው። በጉብኝት ቪዛ ገብቶ ትምህርት ቤት ያስተማረ ወይም ክሊኒክ ውስጥ ያገለገለ ሰው፣ አንድ ሽልንግ ባይቀበልም ሊቀጣና ከአገር ሊባረር ይችላል። ለበጎ ፈቃደኞች የሚሰጠው የመኖሪያ ፈቃድ «ክላስ ሲ» የሚባለው ሲሆን፣ ተማሪዎችና ተመራማሪዎችም የሚስተናገዱት በዚሁ ነው። የማመልከቻውን ሥራ ሊጨርስልዎ የሚገባው ተቀባዩ ድርጅት ነው። «ግቡና እዚህ እናስተካክላለን» የሚል ድርጅት ካጋጠመዎ ሌላ ይፈልጉ።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያዊ ከሌላው የውጭ ዜጋ ይልቅ ይጠብቃል። በኬንያና በታንዛኒያ አቋርጠው ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ ሲሞክሩ የሚያዙ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ስለዚህ ፖሊስ ወረቀት ያልያዘ ሐበሻ ሲያገኝ ቀድሞ የሚጠረጥረው ይህንኑ ነው። ቪዛው እጅዎ ሳይገባ ቲኬት አይግዙ፤ በሞያሌ በኩል በየብስ የመሄድንም ሐሳብ ይተዉት። ከደረሱ በኋላ የፓስፖርቱንና የፈቃዱን ኮፒ ከኪስዎ አይለዩ፤ ዋናውን ቆልፈው ያስቀምጡት፤ ፎቶውን ደግሞ ለቤተሰብ በቴሌግራም ይላኩ።

ድርጅቱን መመርመር

የወሎ ቤተሰብ ደላላን በደንብ ያውቀዋል። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በየመን ወደ ሳዑዲ የሄዱ ልጆች ያሉበት ቀበሌ ብዙ ነው። «በጎ ፈቃድ» የሚለው ቃል ለደላላም ጥሩ መሸፈኛ ስለሚሆን ጥቂት ምልክቶችን ማወቅ ይጠቅማል። ገንዘቡን በግለሰብ ሒሳብ እንድታስገቡ የሚጠይቅ፣ ፓስፖርታችሁን «ለማስጨረስ» ወስዶ የሚያቆይ፣ የሥራውን ቦታ ከተማና ወረዳ ለይቶ የማይነግር፣ ከስልክ መልእክት ውጪ ደብዳቤ የማይጽፍ ከሆነ ይራቁት።

ትክክለኛ የታንዛኒያ ግብረ ሠናይ ድርጅት በመንግሥት መዝገብ ያስመዘገበው ቁጥር ስላለው ይጠይቁ። ከዚህ በፊት እዚያ ያገለገሉ ሁለት ሰዎች እንዲያገናኙዎም ይጠይቁና ደውለው ያነጋግሩ። መኝታውን፣ ውሃውን፣ አለቃው በሥራ ቦታ ይገኝ እንደሆነ፣ ቃል የተገባው የኪስ ገንዘብ በሰዓቱ ይደርስ እንደሆነ ይጠይቋቸው። ድርጅቱ የሚነግርዎ ከዚህ ጋር ካልገጠመ፣ ያገለገሉትን ይመኑ።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቀው በር የተባበሩት መንግሥታት የበጎ ፈቃደኞች ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 የተቋቋመ ሲሆን ዋና መሥሪያ ቤቱ ጀርመን፣ ቦን ከተማ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት በነፃ ነው፤ ለተመረጠ ሰውም መኖሪያ የሚሆን አበል ይከፈለዋል። የአፍሪካ ኅብረትም ለወጣቶች የራሱ የበጎ ፈቃድ ፕሮግራም አለው። ውድድሩ ከባድ ስለሆነ የአገር ቤት አገልግሎትዎን በደብዳቤ ያሰናዱ። በ2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ ተፈናቃዮችን ሲቀበሉ እርዳታ ያከፋፈለ፣ የመዘገበ፣ ያከመ ሰው የሚያሳየው ልምድ አለው። ደብዳቤው ግን «በትጋት አገልግሏል» ብቻ ብሎ ካበቃ ጥቅሙ ትንሽ ነው። ስንት ሰው እንደመዘገቡ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሠሩ፣ ተጠሪነትዎ ለማን እንደነበር ይጻፍበት።

ስምምነት ሲፈርሙ ከሁሉ በላይ አራት ነገር በጽሑፍ ይያዝ፦ የመኖሪያ ፈቃዱን ክፍያ ማን እንደሚሸፍን፣ ቢታመሙ ማን እንደሚያሳክም፣ የመመለሻ ቲኬቱ በማን እንደሆነ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደሚሠሩ። በቃል የተባለ የመመለሻ ቲኬት በችግር ጊዜ አይገኝም።

ስምና የልደት ቀን

ብዙ ማመልከቻ የሚመለሰው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው። ሰይድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል ቢያንስ ሦስት ዓይነት ይጻፋል፤ በዲግሪው አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቱ ሌላ፣ በክትባት ካርዱ ደግሞ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ገዥው ፓስፖርት ነው። ከዚያ በኋላ የሚወጣ ወረቀት ሁሉ በፓስፖርቱ ፊደል ይጻፍ። የዲግሪው አጻጻፍ ከተለየ ከዩኒቨርሲቲው የማስተካከያ ደብዳቤ ያውጡ። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ፣ ፓስፖርቱ በዚያ ቦታ ያሰፈረውን ይድገሙ፤ የራስዎን ምርጫ አይጻፉ።

የልደት ቀኑ ስህተት የሚመጣው ሁልጊዜ 7 ወይም ሁልጊዜ 8 ዓመት ከመደመር ነው። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ ድረስ የተወለደ ሰው 7 ይደምራል፤ ከዚያ በኋላ የተወለደ 8። ታኅሣሥ 25 ቀን 1990 የተወለደ ልጅ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 3 ቀን 1998 ነው የተወለደው። 7 ደምሮ 1997 የጻፈ በአንድ ዓመት ሳተ፤ የፓስፖርቱና የልደት ምስክር ወረቀቱ ቀን ካልገጠሙ ደግሞ ማመልከቻው ይመለሳል።

ፓስፖርቱ ከሚገቡበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 6 ወር የሚያገለግል ይሁን። የወሎ ሰው ለፓስፖርት ደሴ ባለው የኢሚግሬሽን ቅርንጫፍ መስተናገድ ይችላል። የትምህርት ማስረጃ ማረጋገጥና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማኅተም ግን አዲስ አበባ ሊያስኬድ ይችላል። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንድ ማኅተም እየተመላለሱ ገንዘብ አይጨርሱ። ከወንጀል ነፃ ማስረጃን፣ የማስረጃ ማረጋገጫን፣ ክትባትንና የባንክ ጉዳይን በአንድ ጉዞ አቅደው ይሂዱ። ባንክ የውጭ ምንዛሪ የሚሸጠው ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ሲያይ ስለሆነ የባንኩን ጉዳይ ከሁሉ ኋላ ያድርጉት። ዶላሩ አዲስ እትም ይሁን፤ ከ2006 እ.ኤ.አ. በፊት የታተመውን ታንዛኒያ ውስጥ ብዙ መንዛሪ አይቀበለውም። ባለ 50 እና ባለ 100 ኖት ከትናንሾቹ የተሻለ ይመነዘራል።

ወባ

እዚህ ላይ ረጋ ብለው ያንብቡ፤ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው።

ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እዚያ ያደገ ሰው ሰውነቱ ወባን አያውቃትም። ከሚሴ፣ ባቲ ወይም ቆቦ ያደገም ቢሆን «ለምጃታለሁ» ብሎ አይዘናጋ። ታንዛኒያ በብዛት ያለው ፋልሲፓረም የሚባለው ገዳይ ዓይነት ነው፤ ካልታከመ በጥቂት ቀን ውስጥ ጭንቅላት ላይ ሊወጣ ይችላል።

መከላከያው ሁለት ነው። አንዱ መድኃኒት የተነከረ አጎበር ሲሆን ጠርዙ ፍራሽ ሥር ገብቶ መታጠፍ አለበት፤ ተንጠልጥሎ ወለል የነካ አጎበር ትንኝ ያስገባል። ሁለተኛው ኪኒን ነው። አገር ቤት በቀላሉ የሚገኘው ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ ከመሄድዎ 1 ወይም 2 ቀን በፊት ይጀመራል፤ በየቀኑ አንድ ይወሰዳል፤ ወባ ካለበት ቦታ ከወጡ በኋላም ለ4 ሳምንት ይቀጥላል። ብዙ ሰው የሚታመመው ይህን የመጨረሻ 4 ሳምንት ስለሚያቋርጥ ነው። ከምግብ ጋር በብዙ ውሃ ይዋጥ፤ ከወተት ጋር አይሁን፤ ውጠው ወዲያው አይተኙ፣ ጉሮሮ ያቆስላል። ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ረጅም እጅጌ ይልበሱ። በረመዳን ሱሑር ወይም ኢፍጣር ላይ መውሰድ ይቻላል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን አትወስድም፤ ስለ ሌሎች መድኃኒቶች ሐኪም ያማክሩ።

ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ይመርመሩ። ወባ ከተገኘ የሚሰጠው በብዛት እኛም ዘንድ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ነው። ለአዋቂ በ3 ቀን 6 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 4 ፍሬ፣ በድምሩ 24 ፍሬ ይሆናል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ ይዋጣል፤ በቀሩት ሁለት ቀናት ጠዋትና ማታ። ቅባት ካለው ምግብ ጋር ካልተወሰደ ሰውነት በደንብ አይቀበለውም። በጾም ወቅት የታመመ ክርስቲያን ቢያንስ ዘይት ያለው ወጥ ወይም ኦቾሎኒ ይብላበት። በሁለተኛው ቀን ተሻለኝ ብሎ ማቋረጥ በሽታውን መልሶ ያመጣል።

ሌላው የቢጫ ወባ ክትባት ነው። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር ታንዛኒያ ስትገቡ ካርዱን ትጠየቃላችሁ። ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት፤ ካርዱም ዕድሜ ልክ ያገለግላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የሚመደብ ሰው ደግሞ ብልሃርዚያ (ከውሃ በቆዳ በኩል የሚገባ ጥገኛ ትል) ስላለ ሐይቁ ውስጥ አይዋኝ፣ ልብስም አይጠብ።

ሻንጣው ውስጥ የሌለ ነገር

ጫት ታንዛኒያ ውስጥ የተከለከለ ዕፅ ነው። አገሬው «ሚሩንጊ» ይለዋል፤ ይዞ የተገኘ እንደ ዕፅ አዘዋዋሪ ይከሰሳል። በወሎ ጫት ከዱዓና ከጨዋታ ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሰው እንደ ወንጀል አያየውም፤ ስለዚህም የጃኬት ኪስ ሳይፈተሽ ይቀራል። ከመነሳትዎ በፊት ኪሶቹን ሁሉ ይገልብጡ። ከማንም ሰው «ይቺን ለወንድሜ አድርስልኝ» የተባለ የታሸገ ዕቃ አይቀበሉ።

ፌስታልም እ.ኤ.አ. ከጁን 1 ቀን 2019 ጀምሮ ክልክል ነው፤ እንግዳንም ይመለከታል። በርበሬውንና ሽሮውን በክዳን ባለው የፕላስቲክ ዕቃ ወይም በጨርቅ ከረጢት ይያዙ። በሶና ቆሎ ችግር የለባቸውም። ቋንጣ፣ ያልተቆላ ቡናና የእህል ዘር ግን ጉምሩክ ላይ ጣጣ ያመጣሉ፤ ይተዉአቸው። መሰኪያቸው እንደ እንግሊዞቹ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ስለሆነ መቀየሪያ ይያዙ። ጋቢ ዳሬሰላም ላይ አያስፈልግም፤ ምቤያ፣ ኢሪንጋ ወይም ንጆምቤ ለተመደበ ግን ጁንና ጁላይ ላይ ያድናል፤ የእኛ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው።

ዛንዚባርን ለማየት የሚሄድ፣ እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ 44 ዶላር የሚከፈልበት የመድን ዋስትና ግዴታ መሆኑን ይወቅ።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት

የሰዓት ልዩነት የለም። አቆጣጠሩም ይቀራረባል፤ በስዋሂሊ «ሳ ምቢሊ አሱቡሂ» ካሉ የእኛው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። በእንግሊዝኛ ሲነገር ወይም በኢሜይል ሲጻፍ ግን ያው 8 ይሆናል። ቀጠሮ ሲያዝ በየትኛው ቋንቋ እንደተባለ ያጣሩ።

መኪና በግራ ነው የሚሄደው። መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ ይዩ፤ እስኪለምዱት በዜብራ ይሻገሩ። ባጃጅ እዚያም ባጃጅ ነው። ሞተር ሳይክሉ ቦዳቦዳ ይባላል፤ ዋጋ ሳይስማሙና የራስ ቁር ሳይሰጥዎ አይውጡበት። ሲም ካርድ በፓስፖርትና በጣት አሻራ ይመዘገባል፤ በሰው ስም የወጣ ሲም አይጠቀሙ፣ የሞባይል ገንዘብዎም የዚያ ሰው ይሆናልና።

ሰላምታ ላይ የወሎ ሰው አይቸገርም፤ እነሱም እንደኛ አስረዝመው ይጠያየቃሉ። ለታላቅ ሰው «ሺካሞ» ይባላል፤ መልሱ «ማራሃባ» ነው። ይህን ሳይሉ ወደ ጉዳይ መግባት እንደ ብልግና ይቆጠራል። ደጃፍ ላይ «ሆዲ» ብለው «ካሪቡ» እስኪባሉ ይቁሙ።

ምግብን በተመለከተ፣ ዋናው ኡጋሊ የሚባለው የበቆሎ ገንፎ ነው፤ ከባቄላ ዘር ወጥና ከጎመን ጋር ይቀርባል፤ ለጾመኛ የተመቸ ነው። ሥጋው ላይ ግን ልዩነት አለ። ወሎ ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው በልተው አብረው ያድራሉ፤ ዕርዱ ግን ለየብቻ ነው። ታንዛኒያ ውስጥ ገበያ ላይ ያለውን ከብት በብዛት የሚያርደው ሙስሊም ነው፤ ክርስቲያኑም ከዚያው ገዝቶ ይበላል። ይህ የሚከብዳቸው ክርስቲያን አስቀድመው ለቤቱ እመቤት በትሕትና ያስረዱ፤ ማዕድ ከቀረበ በኋላ መመለስ ያስከፋል። ሙስሊም ተጓዥ ደግሞ «ኪቲሞቶ» የሚል ጽሑፍ ካየ የአሳማ ሥጋ መሆኑን ይወቅ።

ሥራው

በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርቱ በስዋሂሊ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ወደ እንግሊዝኛ ይለወጣል። ስለዚህ ከደሴ የሄደ የሒሳብ መምህር የሚያስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ላይ ቢሆን ይሻላል። የሁለተኛ ደረጃው የመጀመሪያ ክፍል ልጆች ግን ገና ቋንቋውን እየለመዱ ስለሆኑ ዝምታቸውን እንደ ድክመት አይዩ። ቃላቱን ሰሌዳው ግራ ጥግ ላይ ይጻፉ፤ የስዋሂሊውን አቻ ተማሪ እንዲሞላ ያድርጉ፤ ከዚያ ወደ ሒሳቡ ይግቡ። የትምህርት ዘመኑ በጃንዋሪ ስለሚጀምር ጉዞዎን ከዚያ በፊት ያድርጉ፤ በመስከረም የሄደ ሰው የዓመቱ ማብቂያ ፈተና ላይ ይደርሳል።

ከአገሬው መምህር ጋር ጥንድ ሆኖ መሥራት ይመረጣል። ብቻውን ያስተማረ በጎ ፈቃደኛ ሲሄድ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። የትምህርት ዕቅዱን በጋራ ደብተር ይያዙ፤ ከመልቀቅዎ አንድ ወር በፊት ክፍሉን እርሱ እየመራ እርስዎ ያግዙት። የልጆችን ፎቶ ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጥፉ። ለአንድ ልጅ የትምህርት ክፍያ ወይም ወደ ኢትዮጵያ የመውሰድ ተስፋ አይስጡ።

ሲመለሱ የሞባይል ገንዘቡን አውጥተው ሲሙን ይዝጉ፤ የምስክር ደብዳቤውን አለቃው ሳይቀየር ያስፈርሙ። ወሎ ገብተው በሚቀጥሉት ወራት ትኩሳት ቢይዝዎ ለሐኪሙ ቀድመው «ታንዛኒያ ነበርኩ» ይበሉ። ደሴ ላይ ትኩሳት ሲመጣ ቀድሞ የሚታሰበው ታይፎይድ ወይም ተስቦ ነው፤ የወባ ምርመራ ሳይጠየቅ ሊታለፍ ይችላል።