ሳይክሉ ጭነት ሲይዝ መሪው ለሚንቀጠቀጥባችሁ

ባዶውን ሳይክሉ ምንም አይለውም። ጓዜን ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ ግን መሪው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣል። አንድ እጅ ከለቀቁማ ጭራሽ ይብሳል።

የመሪውን ኩሽኔታ አጠበቅኩ፤ ለውጥ የለም። ጎማውን ነፋሁ፤ ያው ነው። የፊት ቸርኬውን አስቃናሁ፤ እሱም አልረዳም።

መፍትሄ የሆነው ጭነቱን አውርዶ እንደገና ማሰር ነው። ክብደቱ በሙሉ ከኋላ ነበር፣ ያውም ከላይ። ውሃውን፣ ምድጃውንና መፍቻዎቹን ከፊት ጎማ ግራና ቀኝ ዝቅ ብለው በሚንጠለጠሉ ቦርሳዎች ከተትኩ። ሁለቱን ጎን በሻንጣ ሚዛን እኩል አደረግኩ። ድንኳንና ስሊፒንግ ባግ ከኋላ ቀሩ። መንቀጥቀጡ ወዲያው ጠፋ።

የቀረችው ትንሽ ውዝዋዜ ከኋላ ቦርሳዎቹ መንጠቆ ነበረች። መንጠቆውን በእቃ መጫኛው ብረት ውፍረት ልክ አጠበብኩት፤ ቦርሳው ከተጫወተ ሳይክሉም አብሮ ይጫወታል። በዚያው የእቃ መጫኛውን ብሎኖች ሰማያዊውን ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ሙጫ) ቀብቼ አሰርኩ። ቀዩን አትንኩት፤ መንገድ ላይ መፍታቱ መከራ ነው።